የሩዝ በሽታ መድኃኒት ከፋርማሲ አይምጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርቡ ስለ አገራችን ሩዝ ያወጣችሁትን ዘገባ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ፎገራ ተነሥቷል። የማሳው ስፋት ተነሥቷል። ከውጭ ለምናስገባው ሩዝ የሚወጣው ዶላርም አልቀረም። ሩዙ ሲታመም ምን እንደሚደረግ ግን አንድ መስመር አላገኘሁም። የጎደለ የመሰለኝን ልጨምር ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

እኔ ዓለም ገና ላይ የእርሻ መድኃኒትና የአትክልት ዘር የምሸጥ ሴት ነኝ። ዓለም ገና ከአዲስ አበባ ሲወጡ የጅማና የቡታጅራ መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት። ሱቄም እንደ መንገዱ ነው። የሰበታው ቲማቲም አምራች ይመጣል። የቡታጅራ በኩሉ ቃሪያ አምራች ይመጣል። እንሰት ያላቸው የወልቂጤ እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ጎራ ይላሉ። ሁሉም "ዶክተር" ነው የሚሉኝ። ያለኝ በዕፅዋት ሳይንስ ዲፕሎማ ነው፤ ብነግራቸውም አይሰሙኝም።

የዓለም ገና ሰው ስለ ሩዝ ምን አገባው እንዳትሉ። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ሩዝ ሳይፈጭ የሚውልበት ቀን የለም። ጤፍና ሩዝ ቀላቅሎ ማስፈጨት የብዙ ቤት ደንብ ሆኗል። እንጀራው ነጣ ብሎ ይወጣል፣ በማግስቱ ይደርቃል እንጂ ሆድ ይሞላል። ሩዝ እንግዲህ የበዓል ምግብ መሆኑ ቀርቶ የየዕለት እንጀራችን ውስጥ ገብቷል። ፎገራ ላይ ቢታመም ወሬው መጀመሪያ የሚሰማው እኛው ወፍጮ ቤት ነው።

ወረታ አካባቢ ሩዝ የሚያመርት የአክስቴ ልጅ አለኝ። ባለፈው ክረምት በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የሩዙ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ "እህቴ፣ ቴትራሳይክሊን ፈትተህ በውሃ በጥብጠህ እርጭበት ብለውኛል። ለአንድ ፓምፕ ስንት ካፕሱል ይበቃል?" ማን እንዳለው ብጠይቀው "ሰው" አለኝ። ያ "ሰው" የሚሉት ባለሙያ በየአገሩ አለ፤ እኔ ሱቅም እየመጣ ስንቱን አሳስቶብኛል።

ወዲያው ደውዬ እንዳይረጭ ነገርኩት። ከዚያ ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ምርመራ አሳየሁት። የታመመውን ቅጠል በመቀስ ትቆርጣለህ። የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ትነክርና ጥቂት ትጠብቃለህ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አድርገህ ስታይ፣ በሽታው የባክቴሪያ ከሆነ ከቁርጡ ላይ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ውሃው ይወርዳል። የእሱ ውሃ ጥርት እንዳለ ቀረ። ኋላ የወረዳው የግብርና ባለሙያ ማሳውን አየለት። ውሃ ተኝቶበት ዩሪያው ታጥቦ ኖሯል። ካፕሱሉን ቢረጭ ኖሮ ብሩ ይሄዳል፣ ሩዙም ቢጫ እንደሆነ ይቀራል።

የእሱ በዚህ አለፈ። እውነተኛው የባክቴሪያ በሽታ ሲመጣ ግን ምን እንደምለው ነው የሚያስጨንቀኝ።

የሩዝ ቅጠል የሚያደርቀው ባክቴሪያ ዛንቶሞናስ ኦራይዜ ይባላል። የጃፓን ገበሬዎች በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አውቀውታል። አገባቡ ብልጠት አለው። ሩዝ ሌሊት በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ባሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ውሃ ያወጣል፤ ጠዋት ጤዛ ብለን የምናልፈው ጠብታ ከፊሉ ከዚያ የወጣ ነው። ባክቴሪያው በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ነፋስ የቀደደው ቅጠልም በር ይሆነዋል። ገብቶ ውሃ በሚተላለፍበት ቱቦ ውስጥ ይራባል። ቀጥሎ ወደ ሩዙ ሴል የራሱን ፕሮቲን ይወጋና ስኳር የሚያስወጣውን ጂን ያስከፍተዋል። ሩዙ ለፍሬው ያሰበውን ስኳር በገዛ እጁ ለጠላቱ ያቀርባል ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ወስላታ ነው ብዬ ስቄአለሁ።

በሽታው ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ላይ "ኮምቦካ" የሚባለውን የሩዝ ዝርያ መታ። ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን ሲመረምሩት እስያ ውስጥ ካሉት ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። ታንዛኒያ ከእኛ በኬንያ ብቻ ነው የምትለየው።

የባክቴሪያ በሽታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእንሰት አጠውልግን የሚያመጣው ባክቴሪያ የዚሁ የሩዙ ዘመድ ነው፣ እሱም ዛንቶሞናስ ነው። ለዓለም ያሳወቁትም ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? የወልቂጤ እናት ሱቄ ገብተው "ልጄ፣ ለእንሰቱ መድኃኒት የለሽም?" ሲሉኝ ዛሬም የምመልሰው ያንኑ ነው። የታመመውን ነቅለው ይቅበሩ እማማ፣ ቢላውን በእሳት ያቃጥሉ፣ ከታመመ ጓሮ ችግኝ አይውሰዱ። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ከመደርደሪያዬ አንሥቼ የምሰጣቸው ነገር የለም።

ዝንጅብልንም አስታውሱ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ ደቡብ ላይ ወርዶ የወላይታና የከምባታን ዝንጅብል አወደመው። ለሻይ የምትገዟት ዝንጅብል የዚያን ጊዜ ዋጋዋ የት እንደደረሰ የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች። በሽታው ከገባ በኋላ መድኃኒት መፈለግ ምን እንደሚመስል ያኔ አይተናል።

ሰው ሲጨንቀው ወደ ፋርማሲ የሚያየው ለዚህ ነው። አልፈርድበትም። ባክቴሪያ ነው ተባለ፣ ባክቴሪያ የሚገድለው ደግሞ እንደ ቴትራሳይክሊን ያለ አንቲባዮቲክ ነው። ነገሩ ልክ ይመስላል። አባቴ በወጣትነቱ ቲቢ ይዞት ጤና ጣቢያ በየቀኑ እየተመላለሰ ስትሬፕቶማይሲን ተወግቷል። የዳነው በዚያ መርፌ ነው። እዚያው መድኃኒት ማሳ ላይ በፓምፕ ሲረጭ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቅጠሉ ላይ፣ አፈሩ ውስጥ፣ ከማሳው በሚወርደው ውሃ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ይቀምሰዋል። ያልሞተው ይለምደዋል። የለመደው ደግሞ መቋቋሚያውን ለሌላ ባክቴሪያ ያወርሳል፣ ሰው ለሚያሳምመውም ጭምር። ሕንድ ውስጥ ስትሬፕቶማይሲንና ቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት ዱቄት ለሩዝም ለሌላ ሰብልም ለብዙ ዓመታት ሲረጭ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ መንግሥታቸው ቀስ በቀስ ከእርሻ እንዲወጣ የሚያዝዝ ረቂቅ አወጣ። እነሱ የሚወጡበት መንገድ ላይ እኛ የምንገባበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አሁን አሁን "ተፈጥሯዊ ነው" ማለት ፋሽን ሆኗል። ነጋዴ ነኝና እሸቱን ከገለባው ልለይ። ስትሬፕቶማይሲን ራሱ እኮ ተፈጥሯዊ ነው! እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ፣ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልበርት ሻትዝ የተባለ ተማሪ የአፈር ባክቴሪያ ሲመረምር ነው ያገኘው። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ለቦታና ለምግብ ሲጣሉ አንዱ ሌላውን የሚያባርርበት ኬሚካል ይሠራሉ፤ ስትሬፕቶማይሲንም ከእነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ "ተፈጥሯዊ" የሚል ስላያችሁ አትዘናጉ። እኔ አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው፤ ይህን ነገር ሆስፒታል ይፈልገዋል? ከፈለገው ለሩዝ አይሆንም። ካልፈለገው እንነጋገር።

ሆስፒታል የማይፈልጋቸው አሉ። ጃፓኖች ካሱጋማይሲን የሚባል አላቸው። ናራ ከተማ ካለው የካሱጋ መቅደስ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ ነው። ኡሜዛዋ የተባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 አወጡት። መጀመሪያ የፈለጉት ብላስት ለሚባለው የሩዝ ፈንገስ ነበር፣ በኋላ አንዳንድ የሩዝ ባክቴሪያዎችንም እንደሚይዝ ታየ። ሰው አይታከምበትም። ታዲያ እሱም ፍጹም አይደለም፤ አለቅጥ ሲረጭ የለመዱት ባክቴሪያዎች እዚያው ጃፓን ተገኝተዋል።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ሁለተኛው መንገድ ነው። ኬሚካሉን አውጥቶ ከመሸጥ ይልቅ የሚሠራውን ባክቴሪያ በሕይወቱ መስጠት። ባሲለስ ቬሌዜንሲስ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ አለ። አንደኛው ዝርያው ኤፍዜድቢ 42 በሚል ቁጥር ይታወቃል። ቻይናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ይህ ባሲለስ የሚሠራቸው ዲፊሲዲን እና ባሲሊሲን የተባሉ ሁለት ውህዶች የሩዙን ዛንቶሞናስ እንደሚያጠቁ፣ የሴሉን ግድግዳ እንደሚያበላሹ አሳይተዋል። ሕንዶች ደግሞ ታሚል ናዱ ውስጥ ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ የተባለውን ባክቴሪያ በታልክ ዱቄት ለውሰው ለገበሬ ይሰጣሉ። ገበሬው የሩዝ ዘሩን ያሽበታል፣ የችግኙን ሥር ይነክርበታል። ህያዉ ባክቴሪያ ከተክሉ ጋር አብሮ ይኖራል። ውህዱንም የሚያመርተው እዚያው ቅጠሉና ሥሩ ላይ፣ በትንሽ በትንሹ ነው።

አሁን እንደ ሱቅ ባለቤት ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን የሚናገር ተመራማሪ አላየሁም። ከሁለቱ የቱ እኔ ሱቅ ውስጥ ይኖራል? ጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው። በመጋቢት ቀትር ላይ ሱቄ ውስጥ እኔ ራሴ መተንፈስ ያቅተኛል። ሱዶሞናስ ሙቀት አይወድም፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ባሲለስ ግን ሲከፋበት ስፖር ይሠራል፤ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛና ውሃና ምግብ ሲያገኝ ይነቃል። ድርቀትና ሙቀት ይችላል። ስለዚህ ለዓለም ገና፣ ለወረታ፣ ለፓዌ ሱቅ የሚሆነው ባሲለሱ ነው። ፍሪጅ የሚፈልግ መድኃኒት ለገጠር ሱቅ አትላኩ፤ መብራቱ ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ ከደንበኛው ጋር ነው። ገበሬያችን ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ለምዷል። ረጭቶ በሦስተኛው ቀን አረሙ ሲጠወልግ ማየት ይፈልጋል። ባሲለስ እንዲህ አይሠራም። ቀድሞ ነው የሚደረገው፣ ዘሩ ሳይዘራ ወይም በሽታው ሳይታይ። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ቢረጩት የሞተውን አያስነሣም። ፀሐይም ስለምትገድለው የሚረጨው ወደ ማታ ነው። ትናንት ፈንገስም ባክቴሪያም የሚገድለውን የኮፐር መድኃኒት የረጩበትን ፓምፕ ሳያጥቡ ህያው ባክቴሪያ ቢጨምሩበት በገንዘባቸው ገድለውት ያርፋሉ። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ብቻ ማስተማር አይቻልም። የሚሸጠው ሰው ማወቅ አለበት። ካላወቀ ገበሬው አንድ ጊዜ ይገዛል፣ "አይሠራም" ይላል፣ ወሬው በአንድ ገበያ ቀን ወረዳውን ያዳርሳል። ከዚያ በኋላ በነፃም ብትሰጡት አይወስድም።

ደግሞ አላጋንንም። ቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያሸነፈ ሁሉ ማሳ ላይ አያሸንፍም። ዝናብ አለ፣ አፈሩ ይለያያል፣ ሌላ ሺህ ዓይነት ባክቴሪያ ይጋፋዋል። ቅድሚያ የሚሰጠው አሁንም በሽታ ለሚቋቋም ዝርያ ነው። በዚህ ደግሞ እኛ ሀብታሞች ነን። ሎንጊስታሚናታ የተባለው የአፍሪካ የዱር ሩዝ ፎገራ ረግረግ ላይም ጋምቤላም በቅሏል። ዓለም ሁሉ የሚያወራለት፣ ይህን በሽታ የሚቋቋመው ኤክስኤ 21 የተባለው ጂን የወጣው ከዚሁ ዓይነት የዱር ሩዝ ነው። የማሊ ሩዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ጂኑን ለይተው አወጡት። የእኛ ገበሬ ግን የዱር ሩዙን እንደ አረም ነቅሎ ይጥለዋል፣ ምን ያድርግ። ሌላው ዩሪያ ማብዛት ነው። ናይትሮጂን የበዛበት ሩዝ ለዚህ ባክቴሪያ ይመቻል። ዩሪያ የሚያከፋፍለው ኅብረት ሥራ ማኅበር ስለሆነ ይህን ስናገር ከኪሴ የሚጎድል የለም፤ ደፍሬ የተናገርኩትም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም!

ዝርያው፣ ውሃው፣ ማዳበሪያው ተስተካክሎ ነው ባሲለሱ የሚጨመረው። ታዲያ የት አለ?

አንዲት የማስተርስ ተማሪ ሱቄ ትመጣ ነበር። ከእንሰት ሥር አፈር ወስዳ ባሲለሶች ለይታ ነበር። ስልኳ ላይ ፎቶውን አሳየችኝ። ሳህኑ ሙሉ የእንሰቱ ዛንቶሞናስ በቅሏል፣ እሷ ባሲለሱን ያስቀመጠችበት ቦታ ዙሪያውን ግን ባዶ ክብ ሆኗል። አልደረሰበትም። እኔ በደስታ ልሞት! "መቼ ነው የምትሸጭልኝ?" አልኳት። ሳቀች። ጽሑፏን አስረከበች፣ ተመረቀች፣ አሁን የምትሠራው ሌላ ሥራ ነው። ባክቴሪያዎቹ ፍሪጅ ውስጥ ቀሩ። ፍሪጁ አሁን ይሥራ አይሥራ እሷም አታውቅም። የሩዙ በሽታ የመጣ ቀን አፋችንን ከፍተን የምንቀረው በእንዲህ ያለው ምክንያት ነው። የሚያውቅ ሰው አለን፣ አፈሩም አለን። ከሳህኑ እስከ ሱቁ ያለውን መንገድ የሚሠራ ግን የለም።

ያ መንገድ ደግሞ ከዜሮ የሚጀመር አይደለም። ለባቄላና ለሽምብራ የሚሆነውን፣ ባክቴሪያ ያለበትን ህያው ማዳበሪያ እያመረትን ነው። ገበሬው ዘሩን በስኳር ውሃ አርጥቦ፣ ዱቄቱን ጥላ ሥር ለውሶ መዝራት ተምሯል። ህያው ባክቴሪያ በፓኬት ገዝቶ ማሳው ማስገባት የሚችል ገበሬ አለን ማለት ነው። ያንን ባክቴሪያ የሚያባዛ ጋን ባሲለስንም ያባዛል። ሆለታ የብሔራዊ ግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር አለ። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። አዲስ አበባ ደግሞ ረቂቅ ሕዋሳትን የሚያስቀምጥ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ። የተመራቂው ሁሉ ባክቴሪያ ቢያንስ እዚያ ይቀመጥ። ፎገራ ላይ የተለየ ባሲለስ ቢገኝ የፎገራን ውሃና አፈር የለመደ ነው፣ ከውጭ ከመጣው የተሻለ የመኖር ዕድል ይኖረዋል። አንድ የውጭ ኩባንያ መጥቶ ልውሰደው ቢል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ጥቅሙም ይካፈላል።

ምዝገባውን በተመለከተ ደግሞ አትሳሳቱኝ። በፀረ ተባይ ሕጉ መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ አይቻልም። እኔም ይህን ሕግ እወደዋለሁ። በጆንያ ተደብቆ የሚመጣ ምልክት የሌለው ጠርሙስ ስንት ገበሬ እንደጎዳ አይቻለሁ። ባሲለስም ይፈተሽ፣ እዚሁ ማሳ ላይ ይሞከር። ነገር ግን የምዝገባውን ወጪ አንዲት ተመራቂ ከኪሷ ልትከፍል አትችልም። ከአገር ውስጥ ምርምር የወጣ ከሆነ የማሳ ሙከራውን ወጪ መንግሥት ቢሸፍን ምን ይጎዳል? ካፕሱል መርጨት የጀመረ አካባቢ በኋላ ለሕክምና የሚያወጣው ከዚህ ይበልጣል።

ከእናንተ የምፈልገው ቀላል ነው። ጋዜጠኛ ወደ ግብርና ባለሥልጣን ላኩና ለባክቴሪያ በሽታ የተመዘገበ ህያው ምርት ስንት እንዳለ ጠይቁልን። ስሙንና ለየትኛው ሰብል እንደሆነ በጋዜጣችሁ አውጡት። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብላችሁ አትሙት። ፋርማሲ ያላችሁ አንባቢዎችም ብትሆኑ፣ አንድ ሰው ቴትራሳይክሊን በብዛት ሊገዛ ሲመጣ ለማን እንደሆነ ጠይቁት። "ለቲማቲም" ካለ አትሽጡለት፤ ወደ እኔ ላኩት፣ ከክፍያ ነፃ እመክረዋለሁ።

ይህን ምርት አንድ ቀን የሚሠራ ሰው ደብዳቤዬን ካነበበ ደግሞ፣ ፓኬቱን በኪሎ አታድርገው። የእኛ ገበሬ የተከፈተ ፓኬት ለሚቀጥለው ክረምት ማስቀመጥ ይወዳል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ርጥበት ከነካው አይጠብቀውም። ለአንድ ፓምፕ የምትሆን ትንሽ ፓኬት ይሁን። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን በደማቁ ይጻፍ። መመሪያው በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ ፓምፑ ታጥቦ ወደ ማታ ሲረጭ የሚያሳይ ሥዕልም ይኑረው። የመጀመሪያውን ካርቶን እኔ እወስዳለሁ፣ በጥሬ ገንዘብ።

ከአክብሮት ጋር
የግብርና ግብዓት ነጋዴ፣ ከዓለም ገና